ሂንዱፍኔ

አዳማ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለሶረቲ ፈይሳ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። የዚያ የፈረንጅ አገር ብርድ እንዳይጎዳሽ፣ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ።

ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ኔትዎርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልልክልሽ ነው። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ሰው በአፉ የማይደፍረውን በወረቀት ይደፍራል።

ባለፈው ሳምንት መጦሪያው ውስጥ የምንሠራ ሁሉ ስልጠና ገብተን ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጠን ስለ አረጋውያን የአእምሮ ጤናና ባህርይ ተማርን። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አንድም ሽማግሌ አጥቦ እንደማያውቅ ግን እጁ ያስታውቃል። «ሰው ዝም ብሎ አይቆጣም፣ የሚያስቆጣው ምክንያት አለ፣ እሱን ፈልጉ» አለን። እኔ ከምሳ በኋላ የፈለግሁት እንቅልፌን ነው። ከዘጠኝ ተንከባካቢ አራት ቀርተናል፤ የሚተካኝ ሰው ጠፍቶ አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቼ ነበር አዳራሹ የገባሁት። በመጨረሻ ሰርተፍኬት ሰጡንና ባለ ሦስት ዓምድ ቅጽ በካርቶን አሸከሙን፤ «ከድርጊቱ በፊት»፣ «ድርጊቱ»፣ «ከድርጊቱ በኋላ» ይላል።

ቅጹን እንሞላዋለን። ምን ብለን እንደምንሞላው ልንገርሽ? «ደህና ዋሉ።» «ትንሽ ከፍቷቸው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው።» አባት የሚያህል ሰው ሰደበኝ፣ መታኝ ብሎ በፊርማ ማስቀመጥ ማን ይሆንለታል? ነውር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በደወልሽ ቁጥር «ጋሽ ፈይሳ ደህና ናቸው» ስልሽ የነበረው እንደ ቅጹ ነው። አባትሽ ደህና አይደሉም። ከገና ወዲህ ይማታሉ። ትናንት ጂጂ የምትባለውን ተንከባካቢ በምርኩዛቸው ግንባሯን ፈነከቷት፣ ሦስት ቦታ ተሰፋች። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሳፊያ ጠርታኝ «እስከ ግንቦት አንድ ካልተስተካከሉ ቤተሰብ ይውሰዳቸው» አለችኝ። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፣ ሠራተኛ ሊሸሻት ስለሆነ ነው። ቤተሰብ የተባለው ደግሞ እኔ ነኝ። እናትሽ አክስቴ ፀሐይቱ ብትኖር አንድ ነገር ነበር። እኔ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ቀን ማን ይጠብቅልኛል?

አንቺ እዚያ በምትሠሪበት መጦሪያ ይህንኑ ትምህርት ለአዲስ ሠራተኞች እንደምታስተምሪ ነግረሽኝ ነበር። የምታውቂውን ላኪልኝ። ብዙ ቀን የለንም።

ሰላምሽን የምትመኝ እህትሽ ዘርፉ

በርገን፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአክስት ልጅነት አልፈሽ እናት ለሆንሽኝ ለእትዬ ዘርፉ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው፣ ዝናቡም እንደተለመደው ነው። ጂጂን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ስሟን ሳነብ ግንባሬን ነው የዳሰስኩት።

ደብቀሽኝ በመቆየትሽ አልተቀየምኩም። ከአሁን በኋላ ግን አትደብቂኝ። ቅጹ ሐሜት አይደለም እትዬ፣ አባባን ለመክሰስም አይደለም። «ደህና ዋሉ» ተብሎ ከተጻፈ ማንም ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱን ጻፉ፤ የት እንደቆመ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ምን እንዳለ ቃል በቃል ጻፉ። ሲያወራ አትከራከሩት። ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት ቅረቡት፣ በስሙ ጥሩት። ከሁሉም በላይ ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት። ይህንን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ እኔም ሳስተምር ሁለት ጊዜ ነው የምለው። የተጎተተ ሰው ይማታል፣ ጤነኛም ቢሆን።

ቅጹን ለሦስት ሳምንት ሙሉትና ውጤቱን ላኪልኝ። ስለ መምጣቱ፣ አሁን ሥራ በዝቶብኛል። ክረምት ላይ እናየዋለን።

አባባን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ሶረቲ

አዳማ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሶረቲ፣

ከዚህ እስከዚያ ባለው ባሕር ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሙቀቱ ጀምሮናል፤ ንፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምንጠርገው። እኔ አለሁ።

ያልሽውን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ቀን ማንም እሺ አላለም። ሰንበታ የሚባለው ተንከባካቢ እስክሪብቶውን ይዞ አባትሽ ዘንድ ሄደና ጎንበስ ብሎ «አባቴ ይቅር ይበሉኝ፣ ሊጻፍብዎ ነው» አላቸው። እሳቸውም «ጻፍ» አሉት፤ የወር ደመወዝ የሚፈርሙ ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ይጻፋል።

አሥራ አንድ ወረቀት ሞላን። ቤቴ ወስጄ አልጋዬ ላይ ዘረጋሁትና አንድ ነገር አየሁ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት እንደ በግ ናቸው። ምሳቸውን በልተው ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ይነሱና ወጥ ቤቱ ጀርባ ውሃ የምናፈላበት ትልቁ በርሜል አጠገብ ሄደው ይቆማሉ። እሳት ነው፣ እንዳይቃጠሉ እንፈራለን። «ይምጡ ይረፉ» ስንላቸው እምቢ፤ እጃቸውን ስንይዝ ደግሞ ምርኩዙ ይነሳል። የዚያን ዕለት ጂጂም ያደረገችው እጃቸውን መያዝ ነው።

ምን ይላሉ ላልሽኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። አሁን አሁን አማርኛው እየራቃቸው ነው፣ የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው። ወደ በሩ እያዩ «ሂንዱፍኔ» ይላሉ። እንደገና ያያሉ፣ እንደገና «ሂንዱፍኔ»። በአሥሩም ወረቀት ላይ አለ። እኔ በአማርኛ የጻፍኩት «አልመጣችም» ብዬ ነው።

ሶረቲ፣ አንቺን ነው። ይህን ባልጽፍልሽ በወደድኩ፣ ግን አትደብቂኝ ብለሻል። አሰልጣኙ ፈልጉ ያለን ምክንያት ይሄው ተገኘ፤ ሰባት ዓመት ያላዩዋት ልጃቸው ናት። ለአንድ ሳምንት እንኳ ብትመጪ። መጥተሽ ስምንት ሰዓት ላይ አጠገባቸው ብትቆሚ። ወይዘሮ ሳፊያም «ልጅቷ ከመጣች ቀኑን አራዝማለሁ» ብላኛለች።

መልስሽን ቶሎ።

ዘርፉ

አዳማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶረቲ፣

ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። ባይሆንም የምዘለው ይመስለኛል።

አንድ ወር ሊሆን ነው። ደብዳቤዬን በላክሁበት ቀን እንዳየሽው ቴሌግራሙ ያሳያል። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ታመሽ እንደሆነ ልወቅ። ተቀይመሽኝ እንደሆነም ልወቅ። ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

እዚህ ያለውን ልንገርሽ። ረቡዕ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ፤ አሥራ ሰባት አረጋውያንና እኔ። አንዷ አሮጊት ወድቀው እሳቸውን ሳነሳ ስምንት ሰዓት ሆነ። አባትሽ ወደ በርሜሉ ሊሄዱ ተነሱ። እኔ ደግሞ ሁለት ቦታ መሆን አልቻልኩም። ነጠላዬን አውልቄ ወገባቸውን ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ ያሰርኳቸው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቋጠሮውን ለመፍታት ሲታገሉ ቆዩና ደክሟቸው ተዉት። ስፈታቸው አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ነጠላ እስካሁን አልለበስኩትም። ቅጹ ላይ ግን ጽፌዋለሁ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያሰረችው ዘርፉ መሆኗን። ወይዘሮ ሳፊያ አነበበችውና «ለዚህ ነው እኮ ይውጡ የምለው፣ ወይ እናንተን ይሰብራሉ ወይ እናንተ ትሰብሯቸዋላችሁ» አለች። እውነቷን ነው።

እስከ ግንቦት አንድ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶናል።

ዘርፉ

በርገን፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

ዛሬ ስቅለት ነው። መስገድ ሲገባኝ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፤ ይህንንም እንደ ስግደት ይቁጠርልኝ።

አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽም። አፍሬ ነው። አንቺ ነጠላውን ከነገርሽኝ እኔም የራሴን ልንገርሽ።

«አልመጣችም» ያልሽውን ያነበብኩት ሥራ ላይ በእረፍት ሰዓት ነው። ወረቀቱን ሳልጨርስ ጠሩኝ። አንዲት የዘጠና ዓመት ሴት አሉ፤ ሁልጊዜ አሳንሰሩ በር ላይ ቆመው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ልጃቸው ትመጣለች፣ በዓመት አንዴ። ለእራት ብጠራቸው «ልጄ ልትመጣ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው እትዬ። ጎትቼም አልበቃኝም፣ «ልጅሽ አትመጣም» አልኳቸው። የሽማግሌ ቆዳ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አራቱ ጣቶቼ ክንዳቸው ላይ ቀሩ።

ጓደኛዬ አይታ ለኃላፊዋ ተናገረች፤ ደግ አደረገች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አረጋውያኑ ጋ አልገባም። አላባረሩኝም። ያንን ስልጠና እንደገና እንድወስድ አዘዙኝ፤ እኔ የማስተምረውን፣ ሁለቴ የማሰምርበትን። አሁን ከአዲስ ገቢዎች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ባለፈው ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ናት አስተማሪዬ። ሥራ በዝቶብኛል ያልኩሽም ያኔ ቢሆን እውነት አልነበረም። አባባ ሲረሳኝ ማየት ፈርቼ ነው።

የዛሬው ደብዳቤ ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ስለ ነጠላው የጻፍሽውን ሳነብ «በርሜል» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ተመልሼ የመጋቢቱን አነበብኩት። ስምንት ሰዓት፣ እሳት፣ የሚፈላ ውሃ፣ በሩን ማየት። እትዬ፣ አባባ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ቦይለር ላይ ነው፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠው ማሽን ላይ። የጠዋቱ ፈረቃ የሚያበቃው ስምንት ሰዓት ነው። ቦይለር ደግሞ ለሰው ሳያስረክቡ ጥለውት አይሄዱም። ቀያሪው መጥቶ «ተረክቤያለሁ» እስኪል ድረስ ሞት እንኳ ቢመጣ ከዚያ አይነቃነቅም ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቀያሪው ሳይመጣ ቀርቶ አባባ እስከ ማታ ቆየ። እማማ ምግብ አስይዛ ላከችኝ። በር ላይ ወጥቶ ሲቀበለኝ «ለምን አትመጣም?» ብዬ ብጠይቀው ያለኝ አንድ ቃል ነው። «ሂንዱፍኔ።»

አንቺም እኔም ኦሮምኛ እናውቃለን፣ ግን አላሰብነውም። «ሂንዱፍኔ» ሲባል እሱም ነው፣ እሷም ናት፤ ወንድ ሴት አይለይም። በአማርኛ ስትጽፊው አንዱን መምረጥ ነበረብሽና እኔን መረጥሽ። አልፈርድብሽም፣ እኔም ብሆን እኔኑ ነበር የምመርጠው። አባባ የሚጠብቀው ቀያሪውን ነው። እጁን ስትይዙት ቦይለሩን ጥሎ እንዲሄድ የምታደርጉት መስሎት ነው የሚማታው።

እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ስለ እኔ ባለመሆኑ ቅር አለኝ። ምን ዓይነት ልጅ እንደሆንኩ አንቺው ፍረጂ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ወንድ በበሩ ይግባ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ፣ እንዳረፈደ ሰው። አጠገቡ ቆሞ በርሜሉን ያስተውል። ከዚያ «ፈይሳ፣ ተረክቤያለሁ፣ ግባ» ይበለው። በአማርኛ ይሁን፤ ፋብሪካ ውስጥ ርክክብ በአማርኛ ነበር። አንቱ አይበለው፣ የሥራ ባልደረባ አንቱ አይባባልም።

ለትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። ነጠላውን እጠቢና ልበሺው።

ሶረቲ

አዳማ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሶረቲ፣

እንኳን ከጨለማው ወደ ብርሃኑ አሸጋገረሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አሮጊቷ አንድ ቃል አልናገርሽም፤ ከእኔ የሚወጣ ፍርድ የለም።

ለሥራው የመረጥኩት ጥበቃችንን ቶሌራን ነው። የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፣ ቦይለር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ከሁሉ የከበደው አንተ ማለቱ ነው። «በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ፈይሳ ብዬ ልጠራ?» ብሎ ግማሽ ቀን ተከራከረኝ። መጀመሪያ ቀን ገባና «ጋሽ ፈይሳ፣ ተረክቤያለሁ፣ ይግቡ» አለ፤ አፉ አልታዘዝለት ብሎ። አባትሽ ከላይ እስከ ታች አዩትና በአማርኛ «ፕሬዠሩ ስንት ነው?» አሉት፤ የእንፋሎቱን ግፊት ማለታቸው ነው። አማርኛቸውን ከሰማሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ቶሌራ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደህና ነው።» ምርኩዙ ተነሳ፣ ቶሌራም እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ ምከሪኝ ሳይለኝ ቁጥር ጥራ ብዬ መከርኩት። እየተቻኮለ ገባ፣ በርሜሉን በመዳፉ ነካው፣ ተቃጠለ፣ እጁን እያራገፈ «አሥራ ስምንት! ፈይሳ፣ ተረክቤያለሁ፣ ግባ» አለ። አባትሽ ትንሽ አሰቡ። «ከፍ ብሏል፣ አስታግሰው» አሉት። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው አልጋቸው ላይ ወጡና ተኙ።  ጂጂ ግንባሯን ይዛ አለቀሰች።

ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ ማንንም አልመቱም። ቶሌራ እረፍት የወጣ ቀን ሰንበታ ይተካዋል። ወይዘሮ ሳፊያ ዘጠኙን ወረቀት አየችና «ይቆዩ» አለች። የግንቦት አንድ ነገር ቀርቷል።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ እንዲለኝ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፣ እሱ ነው ያለቀብኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በራጅ አይቶ ከእንግዲህ ሰው ማንሳት አትችይም ብሎኛል። ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ከሰኔ አንድ ጀምሮ አልሠራም። አርሲ ነገሌ ታናሽ እህቴ ዘንድ ሄጄ ትንሽ ጊዜ እቀመጣለሁ። ስለ አባትሽ ስምንት ሰዓት ለሁሉም አሳይቻቸዋለሁ። ሌላው ግን አለ። ከእንቅልፋቸው ሲነሱ አሁን ሥራ አልቋልና ወደ ቤት ልሂድ ይላሉ። ለዚህኛው የሚሆን ሰው መጦሪያው ውስጥ የለም። «ቤት ማን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጅ አለችኝ» አሉ። በአማርኛ ነው ያሉት፣ አለችኝ ብለው፤ እኔ የተረጎምኩት ነገር የለም። ልጎትትሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ቃል በቃል ጻፊ ስላልሽኝ ነው።

ነይ አልልሽም። ደክሞኛል ሶረቲ፣ መለመንም ይደክማል።

እህትሽ ዘርፉ

በርገን፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፉ፣

ሰላም ለአንቺና ለዚያ ለደከመው ጉልበትሽ።

ስልጠናውን ጨርሻለሁ። ወደ ሥራሽ ተመለሺ አሉኝ፣ የስድስት ወር ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ። አሮጊቷን ለመሰናበት አስፈቅጄ ገባሁ። አላወቁኝም፤ እጄን ይዘው እጅሽ ይሞቃል አሉኝ። አባባም ላያውቀኝ ይችላል። ሠራተኛ መስዬው «ልጄ ትጠብቀኛለች፣ ልሂድ» ቢለኝ ምን እንደምመልስለት እስካሁን አላገኘሁም። ምክር ይዤ አልመጣም፣ የነበረኝ ምክር አልቋል።

ዓርብ ግንቦት 22 ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ። ልትቀበይኝ አትምጪ። አበባ አትግዢ፣ መኪና አትለምኚ፣ ምንም አታዘጋጂ። ከቦሌ በቀጥታ የምሄደው አባባ ዘንድ ነው፤ የዚያን ቀን በአንቺ ፈንታ አጠገቡ የምውለው እኔ ነኝ። አንቺ ስልክሽን አጥፊ፣ በርሽን ዝጊና ተኚ። ስመጣ አልቀሰቅስሽም።

ሶረቲ